ጎባ ላይ ያልደረቀው በር

ሮቤ ያለው ቤቴን የሚቀባው ልጅ ሥራ አይችልም። ግድግዳውንም በሩንም አንድ ዓይነት ነጭ ይለቀልቀዋል። የዘይት ቀለሙ ሲሸተኝ ግን ንዴቴ ይበርድና በሐሳብ ጎባ፣ እናቴ ቤት እገባለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ እናቴ በጓዳው በር አፈረች። ከደሎ መና የመጣው ወንድሟ በሩን ቡናማ ቀባና ቀለሙ ሳይደርቅ የእሷን ሚዶ እያወዛወዘ ጎተተበት። የሚዶው ጥርስ መስመር እያወጣበት ተራው ሳንቃ የተፈለጠ የወይራ እንጨት መሰለ።

"ነገ ይደርቃል" አለ። እንደ ደሎ መና ባለ ቆላ ይደርቅ ይሆናል፤ የጎባን ጉም ረሳው።

ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። በማግስቱ ቆመው ሲናገሩ ትልቁ ሽማግሌ ደከማቸውና በሩን ተደገፉ። ቀና ሲሉ የወይራው መስመር ነጭ ኩታቸው ላይ ታትሟል። እናቴ ፊቷን ሸፈነች።

አባቴ አጎቴን "አንተ የቆላ ሰው፣ ልጄን ቆማ አስቀረሃት!" አለው።

ሽማግሌው ኩታቸውን አውልቀው አገላብጠው አዩት። "ይኼን ለብሼ ባዶ እጄን ብመለስ፣ ሚስቴ የት ስትንከባለል ዋልክ ትለኛለች። እሺ በሉና ገላግሉኝ!"

ልጅ ነበርኩና እኔ የገባኝ ሚስታቸውን እንደሚፈሩ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ግን እህቴ ሳቋ አመለጣት።

"ሙሽሪትም እሺ ብላለች" አሉ ሽማግሌው፤ አባቴ ሳይወድ በግዱ ሳቀና "በሉ ተቀመጡ" አላቸው።

እህቴ አሁን የለችም። ይህን የማይረባ ቀቢ እስካሁን ያላባረርኩት ለዚያ ሳቅ ስል ነው።