ሊጉሪያውያንና የእኔ «ኖ»

ሊጉሪያውያንን እኔ አልመረጥኳቸውም። ከምኖርበት ሰፈር ከኮሪያታውን የምሳፈርበት አውቶቡስ ዘግይቶ ክፍል ስገባ ግብፅም ሮማም ተወስደዋል፤ የታሪክ አስተማሪያችን የቀረውን ርእስ ሰጠችኝ። በሰው አገር ያለሁት በተማሪ ቪዛ ነው። ባለፈው ተርም ወድቄያለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ካላለፍኩ ኮሌጁ ያሰናብተኛል፣ ቪዛውም አብሮ ያበቃል።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ጥግ ይዤ አነባለሁ። ሊጉሪያውያን ዛሬ ማርሴይና ጄኖዋ በቆሙበት ባሕር ዳር የኖሩ ጥንታውያን ናቸው። እንጨት፣ ቆዳና ማር ከተራራ እያወረዱ ጄኖዋን ገበያ አደረጓት። ማርሴይ የተቆረቆረችው ደግሞ በግብዣ ነው ይባላል። የሊጉሪያውያን አለቃ ልጁን ሲድር ከባሕር የመጣ ግሪክ ድግሱ ላይ ተገኘ፤ ሙሽሪት ባሏን የምትመርጥበትን ጽዋ ለእሱ ዘረጋች፣ እሱም ሳያቅማማ ተቀበለ። ሚስትም መሬትም አገኘ። ባለአገሮቹ ግን ቀስ በቀስ ወደ ተራራው ተገፉ።

እትዬ ሻይ እየቀዱልኝ «ሰዎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ?» አሉ።

«ምንም። የጻፉት የለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን አወራ?»

«መሬቱን የወሰዱት ናቸዋ።»

«ጉድ ነው!» ብለው ሄዱ። እኔም ልጽፍ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ማስረከቢያው አንድ ቀን ሲቀረው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ።

የዚያን ቀን አስተማሪዋ በር ላይ አስቆመችኝ። «የደከመህ ትመስላለህ። አንድ ሳምንት ልጨምርልህ?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ። ባደግኩበት ቤት የመጀመሪያውን ግብዣ እሺ ማለት ስግብግብነት ነው፤ «አፈር ስሆን» እስኪባል ይጠበቃል። ቆሜ ጠበቅኋት።

«ኦኬ፣ ጎበዝ!» ብላ ሄደች።

ለእትዬ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን! እዚህ አገር እኮ ሁለቴ አይጠየቅም። አሁኑኑ ኢሜይል አድርግላት!»

ጻፍኩ፤ ይሉኝታ ያዘኝ፣ ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። በመጨረሻ ያለችኝን ሁለት ገጽ ላክሁ። ወደቅኩ።

ውጤቱን ባየሁ ማግስት ቢሮዋ ሄጄ ለመንኳት። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።

«ምነው ያኔ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ ከልቧ አዝና። «አሁን ግሬዱ ገብቷል። ምንም ማድረግ አልችልም።» ከዚያ ከጠረጴዛዋ ሥር የታሸገ ውሃ አወጣች።

«ውሃ ልስጥህ?»

ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

«ኖ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። መልሳ አስቀመጠችው።