ልጄን ለምዘና ያስጠናሁ ጊዜ

ፍኖተ ሰላም ላይ የሰው ልጅ ሳስተምር የኖርሁ መምህር ነኝ። የራሴዋ ልጅ ግን አራተኛ ክፍል ደርሳ ማንበብ አቃታት። አንዴ ደግማለች፤ ዘንድሮም ከደገመች ትምህርት ቤት እንደማትረግጥ ለእናቷ ምላ ነግራታለች። እኔ «ሰነፍ!» እያልሁ ስቆጣ ከረምሁ።

ቡሬ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን የምትመዝን የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች ሲሉኝ ነቃሁ። ምዘና! እሱማ የእኔ ሙያ ነው። ልጁን ቀድሞ ያስመዘነ ባልደረባዬን አጥብቄ ያዝሁት። እሱም መምህር አይደል፣ የሚነበበውን ምንባብ ሳይቀር ገልብጦ ይዞት ኖሯል። ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋት። ሚኒባሱ ማንኩሳን ሲያልፍ እንኳ «በይ እንደገና ከላይ ጀምሪ!» እላት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ምንባቡን በቃሉ ሳይዘው አልቀረም።

ባለሙያዋ ልጄን ይዛ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ተጎልቼ ስንተኛ እንደምትወጣ አሰላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጠራችኝ።

«መምህር፣ ልጅዎ አንድ ቃል ሳትስት አነበበች።»

«ተመስገን! ስንት አመጣች?»

«ከዚያ ወረቀቱን ወሰድሁባት» አለችኝ። «ማንበቧን ቀጠለች።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ! ሴትዮዋ ግን አልተቆጣችም።

«ይኼ እኮ ማለፍ መውደቅ የለውም፣ መምህር። የት ላይ እንደሚያስቸግራት ካላየሁ በምን ልርዳት? ደህና ናት ብዬ ጽፌ ብሰድዳት ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር? ደግሞ ይኼን ሁሉ በጆሮዋ የያዘች ልጅ ሰነፍ አይደለችም።»

እኔን ወደ በረንዳው መልሳ፣ ሌላ ምንባብ አውጥታ እንደገና ጀመረች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ልጄ ፊደል ላይ ስትንተባተብ ሰማኋት። ከውጭ ሆኜ እንዳልነግራት ከንፈሬን ነከስሁ።

«ሲያቅትሽ ለማን ትነግሪያለሽ?» አለቻት።

«ለእማየ። ለጓደኛዬም። ለአባየ ብቻ እንዳይነግሩብኝ።»

አፈርሁ። እንባዬም መጣ።

ባለሙያዋ ለትምህርት ቤቱ የጻፈችው ደብዳቤ ጥያቄው ይነበብላት፣ በቃሏ ትመልስ፣ ጊዜም ይጨመርላት ይላል። ከታች ደግሞ ቤት ውስጥ ንባብ የምታለማምዳት እናቷ ትሁን ይላል። እናቷ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን እነሱ ሲያነቡ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ልጄ ስትሳሳት ትስቃለች።