ሁለቴ የተላከ መርዶ

ዛሬም ዱከም ባለው ቢሮዬ የሙከራ መልእክት ልልክ ስል እጄ ቁልፉ ላይ ይቀራል። ባልደረቦቼ ፈሪ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ናቸው የሚያስፈሩኝ፤ በሕይወት ሳሉ ሞቱ ብዬ የጻፍኩባቸው።

አዳማ፣ የዩኒቨርሲቲ መጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ። የምንማረው ከጀርባው ዳታቤዝ ያለው የድርጅት ድረ ገጽ መሥራት ነው። ጓደኞቼ ለመመረቂያ ባንክና ሆቴል ሲመርጡ እኔ የሰፈራችንን እድር መረጥኩ። እድራችን ሰው ሲያርፍ ጡሩንባ ያስነፋል፤ ጡሩንባ ደግሞ ሻሸመኔ ድረስ አይሰማም። የኔ ድረ ገጽ ግን ጸሐፊው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ለአባላቱ ሁሉና ለሟች ተጠሪ፣ መዝገቡ ላይ ለተጻፈው የቅርብ ዘመድ፣ በስልክ መልእክት ይልካል። መርዶ በስልክ እንደማይነገር እያወቅኩ ተጠሪውን የጨመርኩት እኔው ነኝ። ዘመናዊ መሆኔ ነበር።

መምህራችን "የሙከራ መረጃና የእውነት መረጃ አትቀላቅሉ" ሲሉን ከርመዋል። እኔ የፈጠራ ስም መደርደር ሰልችቶኝ የእድሩን መዝገብ እንዳለ ገለበጥኩት። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በየጠዋቱ በአጥር በኩል "አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር?" እያሉ እንዴት አደርሽ ይሉኛል። አንድ ቀን፣ ገጹን ለመሞከር ሟች እንደቸገረኝ ነገርኳቸው።

"እኔን ጻፊኛ! ሞትን ያህል ነገር ሳይለማመዱት ይገባል እንዴ?" ብለው ሳቁ።

ጻፍኳቸው። የአባላቱን መልእክት ዘግቼ ነበር። የተጠሪውን ረሳሁ።

ተጠሪያቸው ሻሸመኔ ጨርቅ የምትነግድ አንድ ልጃቸው ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ከባጃጅ ወረደች። ጩኸቷን ሰምተው በር የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው፤ ግማሽ ፊታቸው የመላጫ ሳሙና እንደያዘ።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?"

ጉንጫቸውን ነካችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሯ ላይ ወድቄ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። "ይሁን፣ ዋናው መኖሩ ነው" ብላ ይቅር አለችኝ። አንዳንድ ጎረቤት ግን "ሟርት ነው" እያለ አጉረመረመ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የአጥሩ ሰላምታ እስኪመጣ ድረስ ቁርስ አይወርድልኝም ነበር።

ስህተቱን አረምኩ፣ ኤ አገኘሁ፣ እድሩም ድረ ገጹን ተረከበ። ለተጠሪው የሚላከውን መልእክት ግን እንዳለ ተውኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት ሰላምታው ቀረ። ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ አርፈው ነበር። የእድሩ ጸሐፊም እንደተማሩት ቁልፉን ተጫኑ።

የሟቹ እህት በወጉ መሠረት ለልጅቷ ደውለው "አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ነይ" አሏት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የሰማ ሰው ልቡ ይጠረጥራል። እሷ ግን የኔ ድረ ገጽ ሁለተኛ መልእክት ቀድሞ ደርሷት፣ እሱንም ሙከራ መስሏታል።

"ያቺ ልጅ ደግሞ ጀመራት፤ አባቴን ገድላዋለች" ብላ ስልኩ ላይ ሳቀች። አክስቷ እውነቱን ለማውጣት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። "ብቻ ዛሬውኑ ነይ" አሉ። "እሺ፣ ትንሽ ካመመውማ ነገ በጠዋት እደርሳለሁ" አለች።

ምናልባት ልቧ ጠርጥሮ ትመጣ እንደሆን ብለን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅናት። ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም፤ ተቀበሩ።

በማግስቱ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን አየችው። ያንን ጩኸት አልጽፈውም። ከሩቅ ሆኜ አለቀስኩ እንጂ ፊቷ ለመቅረብ ድፍረት አላገኘሁም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ስልኳን ሰጠችኝ። ሁለቱ መልእክቶች ከላይና ከታች ተቀምጠዋል፤ ከቀኑ በቀር በአንዲት ቃል አይለያዩም። እርግማኗን ጠበቅኩ።

"አንዱን አጥፊልኝ፣ እኔ አልችልበትም" አለችኝ።

"የፊተኛውን?"

"አይደለም፣ የኋለኛውን። የፊተኛው ይቀመጥልኝ። ያን ቀን ሮጬ ስመጣ አባቴ በር ከፍቶልኛል።"

አጠፋሁላት።