የማይነካው በር

ታናሽ እህቴ ጠዋት ጠዋት የበሯን የድንጋይ መቃን ትጠርጋለች። ውሃ አይነካውም፣ ሳሙና አይነካውም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ሐረግ ከታች ተነስቶ እስከ ጉበኑ ይወጣል። በየቅጠሉ መሃል የተኛውን አቧራ በብሩሹ ጫፍ ታወጣለች። ጣቶቿ መንገዱን ስለለመዱት ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ውስጥ፣ ባሏ ዊልቸር ላይ ወደተቀመጠበት።

ቤታቸው በቅርስነት የተመዘገበ ነው። በእኛ ገጠር እንዲህ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው፤ ወንዙ ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ፣ መፍጨት ካቆመ የቆየው የውሃ ወፍጮ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ግንብ፣ ከዚያ የእህቴ ቤት። ሌሎቹ ሰው አይኖርባቸውም። እህቴ ቤት ግን ድስት ይጣዳል፣ ልብስ ይታጠባል።

ያስመዘገበው ባሏ ነው። ግንበኛ ነበር። መዝጋቢዎቹ መኪናቸውን አቁመው የወፍጮውን መንገድ ሲጠይቁት፣ «ወፍጮው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ይቺን እዩ» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። በሩ ላይ የተደገፈውን መሰላል አንስቶ፣ እጁን በሐረጉ ላይ እያንሸራተተ አሳያቸው። ማን እንደጠረበው አያውቅም፤ ቤቱን ከአባቱ ነው ያገኘው፣ አባቱም ከአባቱ። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ዋለ። «ከእንግዲህ ባለቅርስ እያላችሁ ጥሩኝ» ይለን ነበር።

ኋላ ግማሽ አካሉ ከዳው። ሐኪም ቤት የሰጡት ዊልቸር ወገቡን ደግፎ የሚይዝ ሰፊ ነው፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። የሚጎድለው ሁለት ጣት ያህል ነው። ጠበብ ያለ ወንበር ተፈልጎ መጣለት፤ እሱ ላይ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይወድቃል። በጓሮ በኩል ቤቱ ከገደሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሌላ መውጫ የለም። ልጃቸው ከከተማ ሲመጣ አዝሎት ይወጣል። ልጁ ወደ ከተማ የተመለሰ ዕለት አባትየው ውስጥ ይቀራል። የሚፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ደጁ ላይ ፀሐይ መሞቅና መንገደኛ ማዋራት ነው።

እህቴ በሩ እንዲሰፋላት ለማመልከት ቅርስ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤቷ ድረስ መጥቶ በሜትር ለካ።

«እናቴ፣ ይህ ቤት የተመዘገበው በበሩ ምክንያት ነው» አላት ሜትሩን እየጠቀለለ። «መስኮት ቢሆን፣ ጣሪያ ቢሆን እሟገትልዎ ነበር።»

«እኔስ?» አለ ባሏ ከውስጥ። «እኔም እኮ አርጅቻለሁ። ለምን አትመዘግበኝም?»

ባለሙያው ሜትሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ተወው ግድ የለም» አለው ባሏ። «ሳልመዘገብም ከቦታዬ አልነቃነቅም።»

ይህን የሰማ፣ ግንበኝነትን ከባሏ የተማረ ጎረቤታቸው መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁለት ጣት ማለት ለእኔ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው» አለ። «ማን ሊያይ?»

«እኔ ነኛ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተጎልቼ የምውል።»

«ታዲያ እዚሁ ታፍነው ሊቀሩ ነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ መዶሻ ይዤ እንዲህ ያለ ቅጠል አንድም አልወጣልኝም። ይህን የጠረበውን ሰው ሥራ እኔ ቤት አታበላሽበት። በል መሮህን ክተት።»

እህቴ ያን ጊዜ እዚያው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ኋላ ምን ተሰማሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ተናደድኩ ብልሽ ውሸት ነው፣ እትዬ። አዘንኩ ብልሽም ውሸት ነው። ሽንኩርቱን ጨረስኩና ቢላውን አጠብኩ።»

ከዚያ ወዲህ መቃኑን ጠርጋ ስትጨርስ ዊልቸሩን እየገፋች እስከ በሩ ታመጣዋለች። ጎማው ድንጋዩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ታቆመዋለች። ፀሐይዋ እስከ ጉልበቱ ትደርስለታለች፤ ከዚያ በላይ ጥላ ነው። አላፊ አግዳሚው ከደጅ ሆኖ ሲያናግረው ድምፁ ይከፈታል።

በቅርቡ እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰውና ሚስቱ ከመኪና ወረዱ። በሩን አይተው ተደነቁ። ሰውየው ካሜራውን አነሳ፤ መልሶ ዝቅ አደረገው።

«ይቅርታ፣ አባትን ትንሽ ወደ ውስጥ ቢያደርጓቸው? በሩ ብቻ እንዲታይ ነው።»

እህቴ አልተቆጣችም። የዊልቸሩን ፍሬን ፈታች፤ እሱም የደነዘዘ እግሩን በደህና እጁ አንስቶ አመቻቸላት። ለምደውታል። ወደ ጨለማው ሳበችው። ሰውየው ፎቶውን አንስቶ፣ አመስግኖ፣ ከሚስቱ ጋር ሄደ። እህቴ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች።

«ምነው፣ አትመልሺውም?» አልኳት።

«አሁን ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ» አለችኝ። እሱም፣ ቀልድ ይጠፋዋል ብዬ ያላሰብኩት ሰው፣ አልቀለደም። እኔው ተነስቼ ወደ ፀሐይዋ ገፋሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወደ እኛ ገጠር ከመጣችሁ በሩን ሳታዩ አትለፉ። ፎቶም አንሱት፤ ያምራል። አደራ የምላችሁ፣ መጀመሪያ ባለቅርሱን ሰላም በሉት፣ ስለ ሐረጉም ጠይቁት። ወደ ውስጥ ግባልን ግን አትበሉት።