«መርፌ ላይ ነው» አሉኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ በወደቀ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት ነው። ጊዜውን የማስታውሰው ደንበኞቼ ኤድስን ፈርተው የየራሳቸውን ምላጭ ይዘው ይመጡ ስለነበር ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ያን ጊዜ ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት ነበረችኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። አሁንም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው ከትከሻዬ ነው። ቀኝ ትከሻዬና አንገቴ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጣር ነገር ነበረች። ላይ ላዩን አትታይም። በጣት ሲጫኗት ግን ሕመሙ በጆሮዬ ጀርባ አልፎ ቀኝ ዓይኔ ድረስ ይወጣል።

ፀጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ ክንዱን አንስቶ የሚውል ሰው ነው። በዚያ ላይ ደንበኛው ተቆርጦ ሲጨርስ አንገቱንና ትከሻውን አሽተህ፣ መታ መታ አድርገህ ካልሸኘኸው ቅር ይለዋል። የሰው ትከሻ ሳሽ እየዋልኩ የራሴን የሚያሽልኝ አጣሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንኩ።

መቼም የሰፈር ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። «ብርድ ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ብርድ ያልሆነ በሽታ የለም። ባለቤቴ ዘነበች ፌጦ በቅቤ ለውሳ አሸችኝ። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ በጉልበቱ ጀርባዬ ላይ ወጣብኝና ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ከሳሁ። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ።

በመጨረሻ ያወቁልኝ አንድ ደንበኛዬ ናቸው። ጎፋ ትንሽ ክሊኒክ ያላቸው ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። አንድ ቀን ተቆርጠው ሲጨርሱ ትከሻቸውን እያሸሁ ሳለ ቀኝ እጄ ከዳኝ። በመስታወቱ አዩኝ።

«ና እስቲ፣ አንተ ተቀመጥ» አሉና ከወንበሩ ተነስተው እኔን አስቀመጡኝ። በሁለት ጣታቸው ትከሻዬን ሲዳስሱ ቆይተው ያቺን ቦታ ያዟት። ጮህኩ።

«ዓይንህ ድረስ ሄደ?»

«እንዴት አወቁ ዶክተር?»

«ይኼ ብርድ አይደለም ልጄ። ጡንቻህ ተቋጥሮ አልፈታ ብሎ ነው። እዚያው ቋጠሮው ላይ ማደንዘዣ እንወጋዋለን። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አራት ሳምንት ያህል ትመላለሳለህ።»

እኔ የማውቀው መቀመጫ ላይ የሚወጋውን መርፌ ነው። ሕመሙ ላይ ራሱ መወጋት ሰምቼ አላውቅም። ግን የፀጉር መቁረጫዬን ቶንዶስ መያዝ እያቃተኝ ስለነበር ምርጫ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የራሱን መርፌ ከፋርማሲ ገዝቶ ነበር የሚታከመው። እኔም ገዛሁና በጋዜጣ ጠቅልዬ ጎፋ ሄድኩ።

ዶክተሩ ቋጠሮውን በሁለት ጣታቸው ጠፍንገው ይዘው መርፌውን ሰኩት። ጡንቻዬ በራሱ ጊዜ ዘለለ። ሕመሙ ዓይኔ ውስጥ ቦግ አለና ቀስ እያለ ጠፋ። «በል አንገትህን አዙር» አሉኝ። ዞረ። ከዚያ በፊት ቀኜን ለማየት መላ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። ክንዴ ሊዝል ስለሚችል የዚያን ቀን እንዳልሠራ ነገሩኝ፤ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ዋልኩ።

ጥፋቴ ለማንም አለመናገሬ ነው። እጁን ያመመው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ማን ጆሮውን ይዞ ይመጣል ብዬ ነዋ። ዘነበችን እንኳ፣ መርፌ ሲባል የምትደነግጥ ሴት ስለሆነች፣ «ክኒን ሰጡኝ» አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ከፋርማሲ ስወጣ ከተስፋዬ ጋር ተገጣጠምን። ተስፋዬ ከፀጉር ቤቴ አጠገብ ሱቅ አለው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳ አበልጄ ነው። ጋዜጣው ተፈቶ ስለነበር መርፌውን አየ።

«ምነው አበልጅ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ለሰው ነው።»

«ለማን?»

«ለሰው አልኩህ እኮ» ብዬ አለፍኩ።

ሰውየው ከስቷል። በየሳምንቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ይጠፋል። መርፌ በጋዜጣ ደብቆ ይዞራል። ሰፈሩ ይህን አንድ ላይ አደረገና «መርፌ ላይ ነው» አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ኤድስ ይዞታል ማለት ነው፤ ምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

መጀመሪያ አልገባኝም። አንዱ «ዛሬ ማሸቱ ይቅርብኝ፣ ቸኩያለሁ» አለኝ። ሌላው ፎጣ ከቤቱ ይዞ መጣ። ከዚያ እነሱም ቀሩ። ለዓመታት ፀጉሩን የቆረጥኩለት ሰው ከማዶ ካለው ፀጉር ቤት ተስተካክሎ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ መሬት መሬት እያየ ሄደ። ትከሻዬ እየዳነ ነበር። እጄ ሲመለስልኝ የምቆርጠው ራስ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዘነበች ከሴቶች ዕድር ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«እውነቱን ንገረኝ» አለች። «በልጆቻችን ይዤሃለሁ። ዛሬ ሴቶቹ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላ አሉ።»

«ምን ብለው?»

«በሽታው አለበት ብለው ነዋ። ተስፋዬ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፣ መርፌ ደብቆ ይዞራል ብሏል።»

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ልጄን ያቀፈ ሰው፣ በራፌ ላይ ውሎ የሚገባ ሰው፣ እኔኑ መልሶ መጠየቅ አቅቶት ለሰፈር ሁሉ አወራ። ሄጄ አንገቱን ላንቀው ነበር። ያስቀረኝ የዘነበች ዓይን ነው። ሚስቴ ትጠራጠረኝ ነበር። ሁሉን ነገርኳት፤ ግን አንድ ጊዜ ስለዋሸሁ አላመነችኝም። የዚያን ሰሞን ከልጆቹ ጋር ተኛች።

በአራተኛው ቀጠሮዬ ቀን ይዣት ጎፋ ሄድኩ። ዶክተሩ ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የዘነበችን ጣት ይዘው ትከሻዬ ላይ አኖሩት።

«ተጫኚው» አሏት። ስትጫነው አቃሰትኩ። «ይኸውልሽ የባልሽ በሽታ። ትልቅ ነበር፤ የቀረው ይኼ ነው።»

ዘነበች ጣቷን ሳታነሳ አለቀሰች። የመጨረሻውን መርፌ ስወጋ እጄን ይዛኝ ነበር።

ዘነበች ብታምነኝም ሰፈሩ አላመነም። «ደምህን ተመርመርና ወረቀቱን መስታወትህ ላይ ለጥፈው» ብለው የመከሩኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። እንደ ሌባ፣ «ንጹሕ ነኝ» እያልኩ ልለምናቸው ነው?

ስሜን ያጸዱልኝ ዶክተሩ ናቸው። ለበዓል ሰው በሚበዛበት ቅዳሜ መጥተው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ መንገዱን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የራሳቸውን ምላጭ አላመጡም። «በአንተው ምላጭ ላጨኝ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ተስፋዬ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ያያል። ትከሻቸውን እስኪበቃቸው አሸሁላቸው። ሐኪም ያልፈራውን ማን ይፈራል? ሰዉ አንድ አንድ እያለ ተመለሰ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ተስፋዬ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ገባ። «አበልጅ፣ አንገቴ አልዞር አለኝ። ያ ሐኪምህ የት ነው?»

አስቀምጬ ዳሰስኩት። የእሱንም ቋጠሮ አገኘሁትና በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አልዋሽም፣ ከሚያስፈልገው በላይ ተጫንኩት።

«ጎፋ ነው» አልኩት። «መርፌህን ስትገዛ ግን በደንብ ጠቅልለው፤ ጎረቤት ያይሃል።»

አቀረቀረ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከና ታረቅን። በአፌ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልታረቀም።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ያን ሁሉ በተናደድኩበት ጊዜ አንድ ሰው ከፊቴ አልጠፋ አለ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ወጣት አስተማሪ ደንበኛ ነበረኝ። ለፋሲካ ዋዜማ ሊቆረጥ መጣ። በጣም ከስቶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ ነበር። ሁለቱም ወንበሮቼ ባዶ ነበሩ። «ዛሬ ሞልቶብኛል» አልኩት። ወንበሮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ «እሺ፣ በዓሉን በሰላም ያድርስህ» ብሎ ሄደ።

ከተስፋዬ ጋር ከታረቅን በኋላ መቀሴንና ቶንዶሴን ይዤ ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። በሩን እናቱ ከፈቱልኝ። ጥቁር ለብሰዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ አለ።

«አንተ ነህ እንዴ ፀጉር አስተካካዩ? ግባ እንጂ። የዚያን ፋሲካ በጣም ሞልቶበት ነበር፣ ላስቸግረው አልፈለግኩም ብሎኝ እኮ ነው የተመለሰው። እኔው በልብስ መቀስ ከረከምኩለት።»

እኔን ለገዛ እናቱ እንኳ አላማኝም። ስለ ተስፋዬ ሊያወራኝ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ፤ እኔ ግን ያ የልብስ መቀስ ትዝ ሲለኝ ንዴቴ የሚሄድበት አጥቶ ወደ ራሴ ይመለሳል።