አባዬን ይዤ በደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የተነሣነው ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ከድሬ እኔ እስከምኖርባት ሐሮማያ። ለእኔ ግን ስንት ወር የለመንኩት ጉዞ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ በቀደም ደግሞ ወበቁ አዝለፍልፎት በረንዳው ላይ ወድቆ ጎረቤት አነሣው። "ደጋ ውጣና እኔ ጋ ኑር" ብዬ ስጨቀጭቀው ከርሜ በመጨረሻ እሺ አለ።

"የእናትሽ አልጋና ቁምሳጥን ግን አብረውኝ ይሄዳሉ፤ በአንድ ጉዞ። መኪናሽ መንገድ ላይ እምቢ ካለች መልሰሽ እዚሁ ታወርጂኛለሽ።"

አቦ፣ ይሄን ሰውዬ ማን ይችለዋል! ተስማማሁ።

ፒካፗ የራሴ ናት፤ ከሐሮማያ ድንች እየጫንኩ ድሬ ቀፊራ ገበያ አወርድባታለሁ። ለአባዬ ዕቃ ከእሱ ሰፈር ሰው ትንሽ ተሳቢ ተዋስኩ። "የተሳቢውን ፍሬን እኔ አየዋለሁ" አለኝ አባዬ በዋዜማው። ዕድሜውን ሙሉ በድሮው ባቡር ላይ የፍሬን ሠራተኛ ነበር፤ ቁልቁለት ሲመጣ የፉርጎዎቹን ፍሬን የሚያስረው እሱ ነው። ስለዚህ ለእሱ ትቼለት የዕቃ ማሰሪያ ገመድ ልገዛ ሄድኩ።

ስንወጣ ጎረቤታችን ባለሱቋ ሆዳን ቴምር በፌስታል አቀበለችው። "አባባ፣ እዚያ ብርድ ነው ወላሂ፣ ሹራብ ልበስ" አለችው።

"ሹራብ የሽማግሌ ነው" አላት፤ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው እንግዲህ! ቤቱ ከመኪናዋ የጎን መስታወት እስኪጠፋ ድረስ ግን ዓይኑን አላነሣም።

ደንገጎ ዳገት ላይ

ዳገቱ እንደጀመረ መኪናዋ ታቃስት ጀመር። ሦስተኛ ማርሽ እምቢ፣ ሁለተኛም እምቢ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ጉልበት የላትም። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ዳር ይዤ አቆምኩ። ሞተሯ ከተቃጠለች እንጀራዬም አባዬም ቀሩብኝ ማለት ነው።

"አላልኩሽም?" አለ አባዬ። "እንመለስ።"

"ቆይ እንጂ አባዬ፣ ገና ኮፈኖውን ሳንከፍት!"

መንገድ ዳር በለስ የምትሸጥ ሴት ከጥላዋ ተነሥታ መጣች። "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" ብላ ሳትጨርስ ድንጋይ ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ አባዬን አስቀመጠችው። በለስ ትልጥለትም ጀመር።

ራዲያተር እንደጋለ አይከፈትም፣ ፊት ይልጣል። እስኪበርድ ጠብቄ ስከፍተው ውኃው ሙሉ ነው። የማራገቢያው ችንጋ አልላላም፤ የአየር ማጣሪያውም ንጹሕ ነው። ጭነት በዛባት እንዳልል አልጋና ቁምሳጥን ብቻ ናቸው። ታዲያ ምን ነካት?

ከተማ ውስጥ ልብ ያላልኩት ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። ሜዳው ላይ እንኳ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ መኪናዋ ሰው ከኋላ እንደያዛት ወዲያው ቀጥ ትል ነበር። ወደ ተሳቢው ሄድኩ። ገና ሳልደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ሳልነካው ፈጀኝ። ሌላኛውም እንዲሁ ነው። ለካ ምስኪኗ ሞተር ፍሬን የያዘውን ተሳቢ ዳገት ስትጎትት ኖሯል የጋለችው።

"አባዬ! ፍሬኑን ምን አድርገህ ነው ያጠበቅከው?" ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። እንዳንሄድ ብሎ ሆን ብሎ ያደረገው መሰለኝና ደሜ ፈላ።

የያዘውን በለስ ድንጋዩ ላይ አኖረ። ከዚያ "ከኋላ መጥቶ እንዳይመታሽ ብዬ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ፉርጎ ሲያመልጥ አይቻለሁ እኮ። ትንሽ ጨመርኩ፣ አላመንኩትም፣ ደግሞ ጨመርኩ።" ቁልቁል ወደ ድሬ አየ። "ከእናትሽ ቤት መውጣቱም ከበደኝ። እሱም እጄ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ምን አውቄ።"

አንጀቴን በላው። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ የጎማዎቹን ሥር በድንጋይ አስደግፌ ክሪኩን አስገባሁና የብሎን መፍቻ ቁልፉን ሰጠሁት። "አባዬ፣ ልክ ካደረግከው እንወጣለን። ካልፈለግክ አዙሬ ቤትህ አደርስሃለሁ። እውነቴን ነው፣ አልቀየምህም።"

ቁልፉን በመዳፉ መዘነው። ሴትየዋም በለስ መላጧን አቆመች። በመጨረሻ ተነሣና ተንበረከከ። ብሎኑን ትንሽ ይፈታል፣ ጎማውን በመዳፉ ያዞራል፣ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይፈታል። ሁለቱም ጎማዎች ያለ ድምፅ ዞሩ።

"በጣም አላላላሁትም" አለኝ ጉልበቱን እያራገፈ። "ወደፊት ቁልቁለትም አለ።"

"እሺ ጌታዬ!" አልኩት፤ እንባዬን በቀልድ ለመሸፈን።

ሐሮማያ

ከዚያ በኋላ መኪናዋ የቀረውን ዳገት ያለ ማቃሰት ወጣችው፤ የሙቀት መለኪያውም መሐል ላይ ረግቶ ቀረ። ደንገጎን እንዳለፍን አባዬ መስኮቱን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል "ሹራቤን የት አደረግሽው?" አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

መኪናችሁ ዳገት ላይ ስትግልና ጉልበት ስታጣ ኮፈኖ ብቻ አትክፈቱ፤ ወደ ኋላ ሂዱና የሚጎተተውን ዳስሱ። ሰው እምቢ ሲላችሁም እንደ እኔ ከመጮኻችሁ በፊት ምን እንደያዘው ጠይቁት። እኔ ሁለቱንም የተማርኩት በአንድ ዳገት ነው።

ቤቴ ደርሰን የእናቴን ቁምሳጥን መስኮቱ አጠገብ፣ አልጋዋንም እሱ ባሳየን ቦታ አስገባን። ስወጣ አባዬን ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ በተሳቢው ጎማዎች ሥር ድንጋይ እየወሸቀ አገኘሁት፤ እንደ ፉርጎ።

"አባዬ፣ እሱን እኮ ነገ ድሬ መመለስ አለብኝ" አልኩት።

"መልሺው" አለ፣ እጁን በሹራቡ እየጠረገ። "ባዶውን።"