እናቴ ሐይቁን የዞረችበት ቀን

እናቴ እንዲሁ በከንቱ መራመድ አትወድም። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ታመመ ሰው ቤት ከሆነ ግን ድሮ የሚቀድማት አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም ተነስታ ጅጋ ገበያ በእግሯ ደርሳ ትመለስና፣ ደከመኝ ሳትል እራት የምታቀርብ ሴት ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከመደቧ መነሳት አቆመች። ስኳሯ ከፍ አለ፣ እግሯም ማበጥ ጀመረ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናትሽ ካልተራመዱ በሚቀጥለው መርፌ መጀመራችን ነው፤ እግራቸውም ያሳስበኛል» አለኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የሚወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስል፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

እኔ መምህርት ነኝ፤ አንድ ነገር አልሆን ሲለኝ ዕቅድ አወጣለሁ። ለእናቴም አወጣሁ። መጀመሪያ ነጭ ስፖርት ጫማ ገዛሁላት። አገላብጣ አየችውና፣ «ይኸን አድርጌ ብሄድ ቄሱ ‹ኳሱስ የት አለ?› ይሉኛል» ብላ ካርቶኑን አልጋ ሥር ሰደደችው። ቀጥዬ ጠዋት ጠዋት ግቢዋን ሃያ ጊዜ እንድትዞር አዘዝኳት። አንዱን ዞረችና ቆመች።

«ምን ጠፍቶኝ ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለተኛውን ዙር ማን ያዙራት። ተቆጣሁ፤ መቆጣት ደግሞ አይቸግረኝም። ባለቤቴ «እንቅልፍሽ ውስጥ ሁሉ ተማሪ ታንበረክኪያለሽ» ይለኛል።

የሐይቁን ሐሳብ ያመጣልኝ የስፖርት መምህራችን ነው። ዘንገናን ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ቀስ እያሉ ቢሄዱ ሕፃንም ሽማግሌም ይዞረዋል አለኝ። የሚያምር ነገር እያየች ሳታስበው ትራመዳለች ብዬ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ የወንድሙን መኪና ተዋሰ፤ እኔ ዶሮ ወጥ፣ እንቁላልና ድፎ ዳቦ በአገልግል ቋጠርኩ። እናቴ የዘወትር ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ኮንጎ ጫማዋን ተጫምታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ሽርሽር ነው እኮ የምንሄድ። ዛሬ እንኳ ጥቁሩን ብታወልቂው?»

«ሽርሽሩ እንዲህ ሁኘ ካልወደደኝ ይመልሰኝ» አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።

ማንኩሳን፣ ቡሬን፣ ቲሊሊን አልፈን ሐይቁ ጋ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከላይ ሆነን አየነው። ዛፎቹ ቁልቁል እስከ ውኃው ጠርዝ ወርደዋል፤ ውኃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቷል። እንዲህ የሚያምር ቦታ በቅርባችን ሳለ እስከዚያ ቀን አለማየቴ አናደደኝ። እናቴም አየችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «በሉ እንመለሳ።»

ጉዞው ተጀመረ። የአሥር ዓመት ልጄ እርምጃ የሚቆጥረውን ስልኬን ይዛ ትመራለች፤ እኔ ብርዱን ለመከላከል ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ እስከ አንገቴ ተከናንቤ እከተላለሁ፤ ከእኔ ቀጥላ እናቴ ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ እየተመረኮዘች ትመጣለች፤ ከኋላ ባለቤቴ ጋቢውን ደርቦ አገልግሉን ተሸክሟል። ሰው ሲያየን ምን እንደምንመስል ያኔ አላሰብኩም።

ግማሹን እንኳ ሳንዞር እናቴ የዛፍ ሥር አግኝታ ተቀመጠች።

«ዞረን ዞረን የት ነው የምንደርስ?»

«መኪናው ጋ።»

«መኪናው ጋማ ነበርን» አለች።

ባለቤቴ ሳቁ እንዳያመልጠው አንገቱን ቀና አድርጎ የዛፍ ጫፍ ያያል። ይህን ሳይ ብሶ ነደደኝ። ስለ መርፌው፣ ስለ ገዛሁት ጫማ፣ ስለ ዕቅዱ ሁሉ ለፈለፍኩባት፤ በመጨረሻም «እግርሽ ሲቆረጥ ያኔ ትቀመጫለሽ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ታሻለች። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። አባቴን ቀብሬያለሁ፤ እሷንም ቁጭ ብላ እንዳትሞትብኝ ነበር ፍርሃቴ።

እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ሁለት ሴቶች አስከትለው በዚያው መንገድ መጡ። ሴቶቹ በአገውኛ ያወራሉ። ሰውዬው አጠገባችን ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእናቴን ጥቁር ልብስ፣ የእኔን የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ የባለቤቴን አገልግል ተራ በተራ አዩ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። «ደከማችሁ? አይዟችሁ፣ ከዚያ ከፍታው ላይ ያለው ቤት ነው፤ ደርሳችኋል። ከሩቅ ነው የመጣችሁ?»

«ከፍኖተ ሰላም» አለ ባለቤቴ፣ የተጠየቀውን መመለስ ልማዱ ነውና።

«ከፍኖተ ሰላም? ለእሱ ብላችሁ?» ሰውዬው ወደ ሴቶቹ ዞረው ነገሯቸው፤ ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡ። «በሉ ተነሱ፣ አብረን እንግባ።»

ለቅሶ ደራሾች መስለናቸዋል። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ይባላል? ሰው ሞቶባቸው ለሚሄዱ ሰዎች «እኛ እንኳ ውኃ እየዞርን ነው» እንዴት ይባላል? ቃል ስፈልግ እናቴ ጃንጥላዋን ተመርኩዛ ተነሳች።

«መቼ ቀበራችሁ?» አለቻቸው።

«ትናንት ነው፣ እመት።»

«ቆይተናላ» አለችና መንገዱን ቀጠለች።

ዳገት ነበር። እኔ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እናቴ ከሰውዬው እኩል እያወራች ትወጣለች፤ ስንት ልጆች እንደተወ፣ ሚስቱ ደኅና መሆኗን፣ አዝመራውን ማን እንደሚሰበስብላት ትጠይቃለች። ልጄ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «እማዬ፣ አያቴ ቀደመችኝ» ብላ አንሾካሾከች። የግቢው አጥር ሲታይ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። መጀመሪያ ለወጉ ነው ብዬ ነበር።

ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት የባለቤቴን አገልግል በሁለት እጇ ተቀበለችው። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ምግብ እዝን ነው፤ እዝን ደግሞ ለሐዘንተኛው ነው እንጂ ለአምጪው አይደለም። ቁርስ ያልበላው ባለቤቴ አገልግሉን ጓዳ እስኪገባ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ልጄ «ዶሮው?» ስትል ቆነጠጥኳት። ለእኛ ንፍሮ ዘገኑልን።

ወንዶቹ ባለቤቴን ከሸራው ሥር፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡት። በኋላ እንደነገረኝ አንዱ፣ «እስከ ፍኖተ ሰላም ወዳጅ እንደነበረው ማን ያውቅ ነበር?» ሲሉ ሌላው፣ «ዝምተኛ ነበራ» ብለው መለሱ። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ንፍሮውን ይቆረጥማል።

እናቴ ባሏ የሞተባትን ሴት አቅፋ ታለቅስ ነበር፤ የምትጠራው ግን የአባቴን ስም ነው። ያኔ ገባኝ። አባቴ በሞተ ጊዜ እናቴ አላለቀሰችም። እኛ ልጆቿ ከብበን «ዝም በይ፣ ስኳርሽ ይነሳል» እያልን አፏን ዘጋንባት። ይባስ ብዬ እኔ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄጄ፣ «ታማለችና ከእንግዲህ ለቅሶ እንዳትጠሯት» ብዬ ነበር። ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም «ድረሽልኝ» አላላትም፤ ታዲያ ወዴት ትራመድ? ንፍሮውን እንደጨበጥኩ አፈርኩ።

ልቅሶው ጋብ ሲል ሴትዮዋ፣ «ከእሱ ጋር የት ነበር የምትተዋወቁ?» አለቻት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔስ አላውቃቸውም፣ እታለም» አለች እናቴ። «ልጄ ሐይቁን ላዙርሽ ብላ አምጥታኝ ነው። ሰው ወደ እናንተ ሲሄድ አይቼ ማለፍ አቃተኝ። የእኔም ሙቷል።»

ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«ሐይቁን መዞሩ ለምን?»

«ለስኳር ነው አሉ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እንደገና ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ ሳቅ ነው።

«አርባ ዓመት ከደጁ ስኖር አንድ ቀን እንኳ ዙሬው አላውቅ» አለች። ከዚያ የእናቴን እጅ ያዘች። «በሉ እንግዲህ፣ ለሁለቱም አልቅሰናል። ለአርባው አይቅሩብኝ።»

ስንወጣ ባዶውን አገልግል ንፍሮ ጨምረው መለሱልን። መኪናው ያለው በወዲያኛው በኩል ስለነበር የቀረውን ዞረን ደረስን፤ እናቴ ስለ ሴትዮዋ ልጆች እያወራች የት እንዳለፍን እንኳ አላስተዋለችም። ልጄ ስልኩን አንስታ፣ «ዙሩ ሞላ» አለች።

«የምን ዙር?» አለች እናቴ።

ባለቤቴ ቡሬ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ ሦስት ዳቦ ለብቻው በላ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። «ከእንግዲህ እናቴን ለቅሶ ይጥሯት» አልኳቸው።

«ታመዋል አላልሽም ነበር?»

«ለዚያ እኮ ነው» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው በደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ የግቢውን ዙር ከሃያ ወደ አሥር ዝቅ ያደረገ አዲስ ዕቅድ ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ መደቡ ላይ ማንም የለም። ጎረቤቷ በአጥር ብቅ አለችና፣ ከወንዙ ማዶ ሰው ሞቶ ከሴቶቹ ጋር ከነጋ መውጣቷን ነገረችኝ።

«በእግሯ?»

«እንዴ፣ እሷ አይደለች እንዴ ሌሎቹን ቶሎ በሉ የምትል» አለችኝ።

ወደ ውስጥ ተመልሼ ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ሳብኩት። ውስጡ ኮንጎ ጫማዋ ታጥቦ ተቀምጧል።